የኦቾሎ ኩንችርና የሕክምናው ታሪክ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ የአባያን ሐይቅ በስተቀኙ እያየ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፥ በስተግራው የጋሞ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመው ይታዩታል። ከነዚሁ ተራሮች በአንደኛው አፋፍ፥ በታላላቅ ቋጥኞች መካከል፥ ኦቾሎ የምትባል መንደር አለች። ኦቾሎ በሊቃውንት ዘንድ በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንደኛው የሕዝቧ ሸንጎ ነው፤ ማርክ አቤሌስ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ፥ ሰዎቹ በአደባባይ ተሰብስበው የመንደሩን ጉዳይ እንዴት እንደሚመክሩበት አጥንተው በ1983 መጽሐፍ አሳትመዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሁለተኛው ግን ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ይኸውም ኩንችር ነው።

ኩንችር መጀመሪያ እንደ ብጉር ያለ ትንሽ እብጠት ሆኖ በጉንጭ፥ በአፍንጫ ወይም በከንፈር ላይ ይወጣል። ከዚያም ቀስ በቀስ ይሰፋል፥ ቅርፊትም ያበጃል። በአብዛኛው ሰው ላይ ከብዙ ወራት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመት አልፎት፥ ያለ መድኃኒት በራሱ ይድናል፤ የሚድነው ግን ጠባሳውን ትቶ ነው። በአንዳንዱ ላይ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ውስጥ ይዘልቃል፤ በጥቂቶችም ላይ በመላ ገላቸው ተበትኖ ለብዙ ዓመታት ሳይለቃቸው ይኖራል። ሰው የማይገድል በመሆኑ፥ ከወባና ከሳምባ ነቀርሳ ጋር ሲመዛዘን ሁልጊዜ ከበታች ይቆጠራል። ይህ አመዛዘን ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በሕፃንነቱ ፊቱን ቁስል የበላው ሰው በትምህርት ቤት፥ በገበያና በጋብቻ የሚደርስበት ጉዳት በሞት መዝገብ አይጻፍምና።

የበሽታው መንሥኤ የታወቀው በ1903 ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሌሽማን ከሕንድ አገር ታሞ በተመለሰ ወታደር ጣፊያ ውስጥ ያገኙትን ረቂቅ ተሐዋሲ ጽፈው ባሳተሙበት ዓመት፥ አሜሪካዊው ጄምስ ራይት በቦስተን ከተማ ከአንድ የአርመን ሕፃን ቁስል ውስጥ ተመሳሳዩን አገኙ። ኩንችር በኢትዮጵያ መኖሩ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1913 ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ነገሩ ተዳፍኖ ቆየ ለማለት ይቻላል። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ ሲቋቋም ግን ሥራው ነፍስ ዘራ። በእንዶድ ምርምራቸው ስማቸው የተጠራው ዶክተር አክሊሉ ለማ፥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ስላለው የዚህ በሽታ ሁኔታ የመጀመሪያውን ሰፊ ጥናት በ1969 አወጡ። አሽፎርድና ብሬይ የሚባሉት ተመራማሪዎች ደግሞ ከነረዳቶቻቸው በወሎ ኩታበርን፥ በወለጋ አለኩን፥ በጋሞም ኦቾሎን መርምረው ውጤቱን በ1973 አሳተሙ። ተሐዋሲውም ከሌሎች ወገኖቹ የተለየ ሆኖ ስለ ተገኘ ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ የሚል ስም በዚያው ዓመት ወጣለት።

ያገኙት ነገር ለኦቾሎ ሰው እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻል ይሆናል፤ ከደጁ የማይጠፋው ሽኮኮ ነበርና። ሽኮኮ በቋጥኙ ስንጥቅ ይኖራል፤ የሰዉም ቤት ከዚያው ቋጥኝ አጠገብ ተሠርቷል። የአሸዋ ዝንብ የሚባለው፥ ከወባ ትንኝ የሚያንሰው በራሪ፥ ቀን በዋሻና በስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ይወጣል፤ ከሽኮኮው ደም ጋር የጠጣውንም ተሐዋሲ ወደ ሰው ያደርሳል። ሰው ሲተኛ ገላው ተሸፍኖ ፊቱ ተገልጦ ስለሚያድር ቁስሉ ፊት ላይ መብዛቱ አያስደንቅም። ስለዚህ ተሐዋሲው፥ ዝንቡና እንስሳው፥ ሦስቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታወቁ። ይህ በእውነት የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ ኦቾሎ ተመልሰው ባደረጉትና በ1992 በታተመው ጥናት ግን፥ ከነዋሪው ከ3.6 እስከ 4.0 ከመቶ የሚሆነው በዚያን ጊዜ ቁስሉ ያለበት ሆኖ ተገኘ፤ ዐሥር ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው፥ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከቤልጅግ አገር ሊቃውንት ጋር ሆኖ ጥናቱን ቀጠለ። የመንደሪቱን ተማሪዎች ፊት ሲመረምሩ ከግማሽ የሚበልጡት ቁስሉ ወይም ጠባሳው ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ስለ በሽታው ብዙ ከታወቀ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው።

ሕክምናውስ እንዴት ነበር? የሚበልጠው ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ኩንችር የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባሕል ሐኪም ነው፤ እሱም ቅጠል ይደቁስለታል፥ ወይም ቁስሉን በጋለ ብረት ይተኩሰዋል። ወደ ባግዳድ አገር ብንሻገር፥ እናቶች ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ሕፃን መቀመጫ ይወጉ ነበር፤ በሽታው አንድ ጊዜ ይዞ ከለቀቀ ስለማይመለስ፥ ጠባሳው በተሸፈነው ገላ ላይ ወጥቶ ፊቱ እንዲተርፍ ብለው ነው። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ አደጋውም ቀላል አይደለም።

የመድኃኒቱ ታሪክ የሚጀምረው ከአንቲሞኒ ነው። በጥንት ዘመን በምሥራቅ አገሮች የዓይን ኩል ይሠራበት የነበረው ማዕድን ይህ ነው። በ1912 ጋስፓር ቪያና በብራዚል አገር ለዚህ ቁስል ሞከሩት፤ በ1920ዎቹ ዓመታት ብራህማቻሪ የተባሉት የሕንድ ሐኪም ካላአዛርን የሚያሽር የተሻለ ዓይነት ከዚሁ አወጡ፤ ዛሬም በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ከዚሁ ወገን ነው። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም ሆኖ በየቀኑ እስከ 28 ቀን ይወጋል። ልብንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ምርመራ አይለየውም፤ በኢትዮጵያው ተሐዋሲ ላይም ሁልጊዜ እኩል አይሠራም። አሁን ከኦቾሎ የሚመጣውን ባላገር እናስብ። ለአንድ ቁስል ብሎ ሃያ ስምንት ቀን ልጁን ይዞ ከተማ ሊከርም ነው። እርሻውን ማን ያርሳል?

በፈሳሽ ናይትሮጅን ብርድ ቁስሉን ማቀዝቀዝ ሁለተኛው መንገድ ነው። በስልቲ ወረዳ ተሞክሮ ውጤቱ በ2012 ሲታተም አብዛኞቹን ሕሙማን ፈውሶ ተገኝቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማድረግ ስለሚበቃ ለባላገር ይመቻል፤ ናይትሮጅኑ ግን ልዩ ዕቃ ይፈልጋል፥ ብዙ ቀንም ሳይተን አይቆይም። ሦስተኛው በሙቀት ማከም ነው፤ መሣሪያው ቁስሉን በ50 ዲግሪ ለ30 ሴኮንድ ያህል ያሞቀዋል፤ ተሐዋሲው ሙቀት አይችልምና። እዚህ ላይ ያ የጋለ ብረት ትዝ ይለኛል። የባሕል ሐኪሙ ሙቀት ለዚህ በሽታ እንደሚበጅ ማሰቡ ስሕተት አልነበረም፤ ልክ አልነበረውም እንጂ። ያለ ልክ የተተኮሰ ጉንጭ ኩንችሩ ከሚተወው የባሰ ጠባሳ ሊያተርፍ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር፥ ቁስሉ ትንሽና ጥቂት ሲሆን፥ ከፊትም የራቀ ሲሆን፥ ሳይነኩት በራሱ እስኪድን መጠበቅ ይቻላል ይላል። በኦቾሎ ልጆች ላይ ግን ቁስሉ የሚወጣው ፊት ላይ ነው።