የወለጋ ብጫ አበቦች፦ ኑግ፣ መጭና አደይ

ክረምቱ ወጥቶ ዝናሙ መሳሳት ሲጀምር ከባኮ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ፣ ከዚያም ወደ ጊምቢና ወደ ነጆ የሚያቀና መንገደኛ፣ ሜዳውም ተረተሩም ብጫ ለብሶ ባየ ጊዜ፣ ሁሉንም በጅምላ አደይ አበባ ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። አገሬው ግን እንዲህ አይልም፤ በመስከረም በግጦሹና በገደሉ አፋፍ የሚፈነዳውን ኬሎ፣ በጥቅምት እርሻውን የሚሞላውን ኑጊ፣ በኑጉ መካከል ሳይዘሩት የሚበቅለውን ቱፎ ብሎ ሦስቱን ለየብቻ ያውቃቸዋል፤ እነዚህም በአማርኛ አደይ፣ ኑግና መጭ የሚባሉት ናቸው።

ይህ ልዩነት ለወለጋ ገበሬ የልጅነት ትምህርት ሲሆን ለአውሮጳ ሊቃውንት ግን የሁለት መቶ ዓመት ድካም ሆኖባቸዋል። ታናሹ ሊኔ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኑግን ፖሊምኒያ ከሚባሉት ከአሜሪካ ዕፀዋት ወገን ቈጠረው፤ ፈረንሳዊው ካሲኒ በ1829 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከዚያ አውጥቶ የራሱን ወገን አቆመለትና፣ የታሪክ ጸሓፊ በነበረውና ኋላ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነው በጊዞ ስም ጊዞቲያ ብሎ ሰየመው። የኑግን ማሳ ላላረሰ ሰው መታሰቢያ መሆኑ ነው፤ አራሹን ማን ጠይቆት! ከ1837 ጀምሮ በትግራይና በስሜን ዕፀዋት ሲሰበስብ የኖረው ጀርመናዊው ሺምፐር ደግሞ ስሙን ለአንዱ መጭ አተረፈ። ዴንማርካዊቷ ባጎ በ1974 ወገኑን እንደ ገና መርምራ በስድስት ዐይነት ስትወስነው፣ ከስድስቱ አምስቱ በኢትዮጵያ የሚገኙ ሆኑ። የአደይ ነገር ከዚህም የተወሳሰበ ነበር፤ ብዙዎቹ አደዮች ኮሪዮፕሲስ በሚባል በሌላ ወገን ተመዝግበው ስለ ነበር፣ ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ በ1984 ባሳተመው ምርመራ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ጋር አስተካክሎ እስኪያኖራቸው ድረስ ሥርዐት አላገኙም።

ለዐይን በእርግጥ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ከኑግ አበባ ዳር ካሉት ብጫ ቅጠሎች አንዱን ነቅሎ ሥሩን ወደ ብርሃን ያቀረበ ሰው ጥቃቅን ጠጕር ያያል፤ ይህ ጠጕር በመጭም ይገኛል፣ በአደይ ግን የለም። ኑግን ከመጭ ለመለየት ደግሞ አበባውን ገልብጦ ከሥር የሚያቅፉትን አረንጓዴ ቅጠሎች መመልከት ነው፤ የኑጉ ሰፋፊ ናቸው፣ የመጩ ጠበብ ይላሉ። ሁሉን የሚቈርጠው ግን ዘሩ ነው። የኑግ ፍሬ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የመጭ ፍሬ ከዚያ ያነሰ ነው። የልብስ ጫፍ ይዞ የማይለቀው ጨጎጊት የአደይ የሥጋ ዘመድ መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም።

የነቀምቴ ገዦች በነበሩት በሞሮዳ በከሬና በልጃቸው በደጃዝማች ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ዘመን የነቀምቴ ገበያ ስሙ የተጠራው በወርቁ፣ በዝሆን ጥርሱ፣ በዝባዱና በማሩ ነው፤ የታሪክ ጸሓፍያን ስለ ኑግ እምብዛም የማይናገሩት የመኳንንት ዕቃ ስላልነበረ ይመስለኛል። ሆኖም ኑግ የሚታጨደው ጾመ ነቢያት በሚገባበት በኅዳር ወራት ገደማ ነውና፣ ቅቤ በተከለከለበት ጊዜ ወጡን የሚያወዛው የኑግ ዘይት፣ ተቈልቶና ተወቅጦ በውሃ የሚበጠበጠውም ልጥልጥ፣ ለምእመናን ቤት ከወርቁ ይልቅ ቅርብ ነበረ።

መጭ በዚህ መካከል ሁለት ጌቶች አሉት። ከመጭ አንዱ ዐይነት ዓመት ከዓመት ከሥሩ የሚያቈጠቍጥ ሲሆን፣ የሺምፐርን ስም የያዘው ግን እንደ ኑግ በዓመቱ ሞቶ በዘሩ የሚነሣ ነውና፣ ለገበሬው ጠላቱ እርሱ ነው፤ ከኑግ ጋር የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል እንደሚባለው፣ ያልታረመው መጭ ከኑጉ ጋር ታጭዶ ከኑጉ ጋር ይወቃል። ቀፎውን በዛፍ ላይ የሰቀለ ጎረቤቱ በበኩሉ በጥቅምት የመጭ አበባ ሲበዛ ደስ ይለዋል፤ በኅዳር የሚቈርጠው ማር ከዚያ ነውና። ኑግ በገዛ ራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ ስለማይሆንለት ከሌላ ተክል የሚያመጣለትን ንብ ይጠብቃል፤ ንቧም ድንበር ስለማታውቅ ከመጩ ያነሣችውን በኑጉ ላይ ታራግፋለች። ሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ክሮሞሶም ያላቸው ስለ ሆነ ይዳቀላሉ፣ ዲቃላውም ፍሬ ይሰጣል፤ በማሳው ዳር ኑግም መጭም ያልሆነ ተክል የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ሊቃውንቱ በላቦራቶሪ ያጣሩታል፤ ገበሬው ደግሞ በዘር ጊዜ ደቃቁን ፍሬ በወንፊት አውርዶ ትልልቁን ለዘር ያስቀምጣል።