ከዘመሮ እስከ ወጣቶች ደሴት፦ ስፓኒሽ ያሳደጋቸው ልጆች

አዲስ አበባ ውስጥ የመብራት ምሰሶ ላይ ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች መካከል የቋንቋ ትምህርት አይጠፋም። እንግሊዝኛ በሦስት ወር፣ አረብኛ በሁለት ወር፣ ሌላው ደግሞ ስልክ ላይ በየቀኑ አሥር ደቂቃ። እኛም የዚሁ ከተማ ልጆች ነንና "ኢንቴንሲቭ" የምትለውን ቃል እንወዳታለን። እንመዘገባለን፣ አዲስ ደብተር እንገዛለን፣ ሰላምታውንና ቁጥሩን እንለምዳለን፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሥራ በዛብን ብለን እናቆማለን። የጠየቀን የለም።

ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ማቆም ስላልቻሉ ተማሪዎች ነው። ከአርባ ዓመት በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ስፓኒሽ ተምረዋል። ማስታወቂያ አይተው አልነበረም፣ ክፍያም አልከፈሉም። የከፈሉት አባቶቻቸው ናቸው።

እስቲ ዘመሮን እንውሰድ

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። ሰሜን ሸዋን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ መንዝ ማለት ብርድ ነው፤ ገብስ ነው፤ በግ ነው፤ ከበጉ ሱፍ የሚሠራ ዝተትና በርኖስ ነው። ዘመሮን የመረጥነው ታሪኩ እዚያ ብቻ ስለሆነ አይደለም። ከየትኛውም ደጋ የተነሣ ልጅ የተጓዘውን ርቀት ለማሰብ ስለሚያመች ነው።

እንበልና በ1969 ዓ.ም ዘመሮ አካባቢ አንድ ገበሬ አለ። ሚያዝያ 4 ቀን መንግሥቱ ኃይለማርያም የእናት አገር ጥሪ አሰማ። በየቀበሌ ገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻ ተመለመለ። ገበሬው ሞፈሩን አስቀምጦ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ወረደ፤ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ስሙን ሰምቶት ወደማያውቀው ቆላ ተጫነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን አጥለቀለቀ። ገበሬው አልተመለሰም። ቤቱ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀረ።

ይህ ልጅ የኛ ፈጠራ ነው። እሱን የሚመስሉ ልጆች ግን ፈጠራ አይደሉም። ከየክፍለ ሀገሩ ተሰብስበው፣ ቁምጣና ሸሚዝ ተሰጥቷቸው፣ በመርከብ አትላንቲክን ተሻግረው ኩባ የገቡት አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ልጆች ነበሩ።

ካራማራና ደሴቲቱ

ኩባ ለምን? መልሱ ትግላችን ሐውልት ላይ አለ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በ1977 ዓ.ም በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተመረቀው ይህ ሐውልት ግቢ ውስጥ የወደቁ የኩባ ወታደሮች ምስል ተደርድሯል። ፊደል ካስትሮ ከ15 ሺህ በላይ ወታደር ልኮ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ካራማራ ላይ ድል ሲገኝ ከኢትዮጵያውያን ጎን ኩባውያን ነበሩ። በጦርነቱ ከመቶ ስልሳ በላይ ኩባውያን ሞተዋል። በመስከረም 1971 ዓ.ም ለአብዮት በዓል ካስትሮ ራሱ አዲስ አበባ ተገኘ። ወዳጅነቱ በደም የታሰረ ነው ተባለ፤ ከውሉም አንዱ ልጆቹ ሆኑ።

ልጆቹ ያረፉበት ከኩባ ዋና ደሴት በስተደቡብ ያለ ሌላ ደሴት ነው። የድሮ ስሙ የጥዶች ደሴት ነበር። ባቲስታ ካስትሮን እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1955 ያሰረው እዚያ ነው። አብዮተኞቹ ሥልጣን ሲይዙ የእስር ቤቱን ደሴት የትምህርት ቤት ደሴት ሊያደርጉት ወሰኑ። በ1970 ዓ.ም ስሙን ለወጡና "ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ" አሉት፤ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። በአንድ በኩል የአንጎላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ በኩል የሞዛምቢክ፣ ወረድ ሲሉ የናሚቢያ፣ የምዕራብ ሰሃራ፣ የኒካራጓ። ኢትዮጵያውያኑ ከ1971 ዓ.ም ጀምሮ በዚህ መሃል ገቡ።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው አንድ መገጣጠም አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም ኢትዮጵያ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ያ የመንዝ ልጅ ኩባ ውስጥ የላቲን ፊደል ሲቆጥር፣ እናቱ አገር ቤት ሀ ሁ ትቆጥር ነበር ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ዘመቻ ደግሞ ከቀደሙት አገሮች አንዷ ኩባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 መቶ ሺህ የሚሆኑ ወጣቶችን ፋኖስ አስይዛ ገጠር ልካለች። ማስተማር በዘመቻ መልክ ሊካሄድ ይችላል የሚለው እምነት የሁለቱም መንግሥታት እምነት ነበር።

ሃያ አራት ሰዓት ክፍል

አሁን ወደ "ኢንቴንሲቭ" እንመለስ። የኛ ኢንቴንሲቭ በቀን ሁለት ሰዓት ነው። የነሱ ሃያ አራት ሰዓት ነበር።

የደሴቱ ትምህርት ቤቶች በእርሻ መሃል የተሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በእያንዳንዱ አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ ተማሪ ይኖር ነበር። ቀኑ ለሁለት ይከፈል ነበር። ግማሹ ተማሪ ጠዋት ክፍል ሲገባ ግማሹ ወደ ብርቱካንና ግሬፕፍሩት ማሳ ይወጣ ነበር፤ ከሰዓት ይቀያየሩ ነበር። ትምህርትና ሥራ አይነጣጠሉም የሚለው የኩባ ፍልስፍና ነው። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ቋንቋ ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማሰብ ይከብዳል። ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ቃል ከሰዓት በእጅህ ትይዘዋለህ። ቅርጫት፣ ቅጠል፣ መሰላል፣ ውኃ፣ ቶሎ፣ ተወው፣ ና። ምግብ ቤት ወረፋ ላይ ስፓኒሽ፣ መኝታ ቤት ስፓኒሽ፣ ቁጣው ስፓኒሽ፣ ማባበሉም ስፓኒሽ።

ከአገር ቤት አብረው የሄዱ ኢትዮጵያውያን መምህራን ነበሩ። አማርኛ፣ የኢትዮጵያ ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምሯቸው ነበር። መንግሥት የፈለገው ተመልሰው አገር የሚገነቡ ልጆችን ነውና አማርኛቸው እንዲጠፋ አልፈለገም። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ባዮሎጂው ግን በስፓኒሽ ነበር። አንድ ሰው በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስብ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሲቆጥር ስሙት ይባላል። እነዚህ ልጆች በስፓኒሽ መቁጠር ጀመሩ።

ጎማ ጎማ ነው

ስፓኒሽ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚታሰበውን ያህል ባዕድ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያሰቃየን አነባበቡ ነው፤ የተጻፈው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ። ስፓኒሽ እንደ ፊደላችን ነው፤ የተጻፈው ይነበባል። አናባቢዎቹ አምስት ናቸው፣ አምስቱም እኛ ዘንድ አሉ። "ኝ" አለች፤ "ኒኞ" ማለት ልጅ ነው። "ቸ" አለች። "እናገራለሁ" ስንል "እኔ" ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ እነሱም "አብሎ" ብለው ይጨርሳሉ፤ ማን እንደሚናገር ግሱ ራሱ ይናገራል። አንተና እርስዎም አሉ፤ "ቱ" እና "ኡስቴድ"። ችግሩ የቃላት ቅደም ተከተል ላይ ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፣ እነሱ መሃል። እኛ "ነጭ ቤት" እንላለን፣ እነሱ "ካሳ ብላንካ"፤ ቤቱ ቀድሞ ነጩ ይከተላል።

ከዚህ በላይ የሚገርመው ግን ቃላቱ ናቸው። ኩባ ውስጥ የመኪና ጎማ "ጎማ" ነው። መኪናውን ራሱን ኩባውያን "ማኪና" ይሉታል። የጭነት መኪና "ካሚዮን" ነው። ፋብሪካ "ፋብሪካ"፣ ባንዲራ "ባንዴራ" ነው። እነዚህ ቃላት እኛ ዘንድ የገቡት በጣሊያንኛ በኩል ነው። ጣሊያንኛና ስፓኒሽ የላቲን ልጆች ስለሆኑ የወራሪ ቋንቋ የተወልን ቃል ካሪቢያን ላይ እንደ ስንቅ ሆነ ማለት ነው።

ሌሎቹ ደግሞ በአረብኛ በኩል የተዛመዱ ናቸው። "አሱካር" ከስኳር ጋር አንድ ሥር አለው። "ካሚሳ" ሸሚዝ ሲሆን ከኛ ቀሚስ ጋር ይዛመዳል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙት የዋሉትን ብርቱካን ስፓኒሽ "ናራንሃ" ይለዋል፤ የኛ "ብርቱካን" ግን በአረብኛ አልፎ የመጣ የፖርቱጋል ስም ነው። አይቤሪያ ከኛ ቋንቋ ውስጥ ከጥንትም አልጠፋችም።

በተቃራኒው የመጣው ስፔናዊ

አይቤሪያን ካነሣን አንድ ሰው ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ከእነዚህ ልጆች በፊት 375 ዓመት ገደማ አንድ ስፔናዊ ተቃራኒውን መንገድ ተጉዟል። ፔድሮ ፓኤዝ ይባላል፤ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆየ። ተለቀቀ፣ እንደገና ሞከረ፣ እ.ኤ.አ. በ1603 ገባ። ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ተቀምጦ አማርኛና ግዕዝ ተማረ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ግሽ ዓባይን አይቶ ጻፈ፤ የኢትዮጵያን ታሪክም በፖርቱጋልኛ አዘጋጀ።

ፓኤዝ የሱስንዮስን ልብ ያገኘው በቋንቋው ነው። በ1622 ሲሞት የተተካው አፎንሶ ሜንዴስ ግን ትእዛዝ እንጂ ትዕግሥት አልነበረውም። ውጤቱ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የሱስንዮስ ከዙፋን መውረድና በፋሲለደስ ዘመን የኢየሱሳውያን መባረር ሆነ። የሰውን ቋንቋ የሚማር ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈልጋል። ፓኤዝ የፈለገውን ያውቅ ነበር፤ መርጦ መጣ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ግን ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው የለም። የፈለገው መንግሥት ነው።

የተመለሱና ያልተመለሱ

ብዙዎቹ ተማሩ። ከደሴቱ አልፈው ወደ ኩባ ዩኒቨርሲቲዎች ገቡ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪም ሆኑ። ይህን መካድ አንፈልግም። አባቱን ያጣ የደጋ ልጅ አገሩ ውስጥ ቢቀር ይህን ዕድል ያገኝ ነበር ብለን አንዋሽም። ኩባ ሀብታም አገር አልነበረችም፤ ካላት አካፍላለች።

ነገር ግን ልጆቹን የላከው መንግሥት ከልጆቹ ቀድሞ አለቀ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም መንግሥቱ ከአገር ወጣ። በዚያው ሰሞን ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፣ ኩባም ዳቦና ነዳጅ ያጣችበት "ልዩ ዘመን" ውስጥ ገባች። ያኔ ኩባ የነበሩት ተማሪዎች ሁለት አገር ባንድ ጊዜ ጨለመባቸው። ከፊሎቹ ወደ ስፔን፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላም አገር ተበተኑ። ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። የተመለሱት ደግሞ ስፓኒሽ ሥራ የማያስቀጥርበት፣ "የደርግ ልጅ" መባል የማያስደስትበት አገር ጠበቃቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደን። የአንድ ሰው የልጅነት ቋንቋ ሕይወቱ ነው። የመጀመሪያ ፍቅሩ፣ የመጀመሪያ ጠቡ፣ በሌሊት የሚያስታውሰው ቀልድ በዚያ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቀልድ የሚረዳለት ሰው ጥቂት ነው። አማርኛውን ሲናገር "ኩባ ያደገ" ይባላል፤ ኩባ ሲሄድ ኢትዮጵያዊ ነው። እኛ ቋንቋ ስንማር አንድ ነገር እንጨምራለን ብለን እናስባለን። እነሱ ግን ለመጨመር ሲሉ የሰጡት ነገር ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያለውን የእናት ድምፅ።

ታዲያ ምን እንበል?

የዚህን ታሪክ ሁለት ንባብ እናውቃለን። አንደኛው የወዳጅነት ንባብ ነው፤ ኩባ ደም ሰጠች፣ ትምህርት ሰጠች፣ እናመስግን። ሁለተኛው የክስ ንባብ ነው፤ ደርግ የሟች ልጆችን ለርዕዮተ ዓለም ገበረ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ መንግሥታት ነው። ልጆቹ በሁለቱም ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ያኔ ልጆች የነበሩት አሁን ሃምሳና ስድሳ ዓመት ውስጥ ናቸው። ካራማራን በየዓመቱ የካቲት 26 እናስባለን፤ ፎቶ እንለጥፋለን። ከካራማራ የተወለደውን ስፓኒሽ ግን የሚያስብ የለም። ስለ ጦሩ ተጽፏል፣ ስለ ጄኔራሎቹ ተጽፏል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መርከብ ላይ ሆኖ ባሕር ሲያይ ምን እንዳሰበ የጻፈልን ስንቱ ነው?

እኛ ማድረግ የምንችለው ቀላል ነው። መቅጃ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ። ሰፈራችን ውስጥ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ፣ ምናልባትም አጎት የምንለው ሰው መሃል "ኩባ ተምሮ ነው የመጣው" የሚባል አይጠፋም። ሻይ ጋብዘን እናስወራው። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በስፓኒሽ፤ ባይገባንም ድምፁ ይቀረጽ። ያቋረጥነውን የሦስት ወር ኮርስ ለመቀጠል ምክንያት ከፈለግንም ከዚህ የተሻለ አናገኝም።

መንዝ ያለችው እናት ልጇ በምን ቋንቋ እንዳደገ ሳታውቅ አልፋ ይሆናል። እኛ ግን ማወቅ እንችላለን።