የጋሼ ፍሎፒ፦ ሚዲ፣ ምልክትና ፋይሉ ውስጥ ያልገባው ቅኝት

ጋሼ ሲሞት ከተወው ዕቃ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ፍሎፒ ዲስክ ነው። ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «አንቺ ሆዬ፣ 2ኛው» ይላል። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ተወልዶ ያደገው ወንዛዬ፣ ፍል ውሃው አጠገብ ነው፤ ከዚያ ባሕር ዳር ገብቶ በሠርግና በሆቴል ኪቦርድ ሲጫወት ኖረ። ሲታመም ኪቦርዱ ተሸጠ። የተቀዳ ካሴት አልነበረውም፤ ከሠርግ ቪዲዮዎቹም አንድ እንኳ እኛ ቤት አልቀረም። ስለዚህ ጨዋታውን ደግሜ መስማት ከፈለግሁ ያለችኝ መንገድ ይቺ ፍሎፒ ብቻ ነበረች።

የሚያነባት መሣሪያ ለማግኘት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስትከፈት ውስጧ ያለው አንድ ፋይል ነው፤ ክብደቱ 38 ኪሎባይት። ዘፈኑ ደግሞ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ከ30 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ ፍሎፒ እንበትነው ብንል ከ20 ፍሎፒ በላይ ይፈልጋል። ታዲያ ዘፈን 38 ኪሎባይት ውስጥ እንዴት ገባ? መልሱን ለማግኘት ከጋሼ ፍሎፒ ራቅ ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣት እንጂ ድምፅ የለም

በ1970ዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙ ነበሩ፤ የአንዱ ዕቃ ግን ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ሁለት ኪቦርድ በአንድ ጊዜ ለማጫወት ሁለት እጅ ለሁለት ማካፈል ነበር። ይሄን ለመፍታት የጃፓኑ ሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና የአሜሪካው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝ ተነሱ፤ ሌሎች የጃፓን ኩባንያዎችም አገዟቸው። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ ፕሮፌት 600 እና ጁፒተር 6 የተባሉ የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተያያዙ። የአንዱ ቁልፍ ሲነካ ሌላው ጮኸ። በዚያው ዓመት ስምምነቱ ታትሞ ወጣ፤ ስሙ ሚዲ ተባለ።

ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ ትእዛዝ ነው የሚያስተላልፈው። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲጫን በገመዱ ውስጥ ሦስት ባይት ይሄዳል፦ በየትኛው መስመር (መስመሮቹ 16 ናቸው)፣ የትኛው ቁልፍ (ከ0 እስከ 127)፣ በምን ያህል ኃይል (ይሄም ከ0 እስከ 127)። ጣቱን ሲያነሳ ሌላ መልእክት ይሄዳል። በቃ። የሚዲ ፋይል ማለት የእነዚህ መልእክቶች ዝርዝር ከነሰዓታቸው ነው። ድምፁን የሚያወጣው የሚቀበለው መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ጋሼ ፍሎፒ ውስጥ ዘፈን አላስቀመጠም። ጣቶቹን ነው ያስቀመጠው። ፋይሉን በቁጥር ዘርዝሬ ሳየው ግራ እጁ ሁልጊዜ ትንሽ እንደምትዘገይ፣ የትንሿ ጣቱ ምት ከሌሎቹ እንደሚደክም ይታያል። ይሄን ሳይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ካርዱን ማስነሳት

ፋይሉን በላፕቶፔ ስከፍተው ተጫወተ፤ ግን የጋሼን ሙዚቃ አልመሰለኝም። ችግሩ የመሣሪያው ነው ብዬ ደመደምሁ። በዚያ ዘመን ጋሼ ፋይሉን ያዳምጥ የነበረው በወዳጁ ኮምፒውተር ስለነበር የዚያን ዘመን ማሽን ማግኘት አለብኝ አልሁ።

የዚያ ዘመን ድምፅ የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች «ጢጥ» ከማለት ያለፈ ድምፅ አልነበራቸውም። በ1987 የካናዳው አድሊብ ዘጠኝ ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ካርድ ሸጠ፤ ልቡ የያማሃ ቺፕ ነበር። በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪዬቲቭ ያንኑ ቺፕ ይዞ፣ የተቀዳ ድምፅ ማጫወትንም ጨምሮ ሳውንድ ብላስተርን አመጣ፤ በ1992 ደግሞ ሳውንድ ብላስተር 16 ወጣ። የቺፑ ዘዴ ኤፍኤም ይባላል። ሬዲዮው አይደለም፤ አንዱን ሞገድ በሌላ ሞገድ እያወዛወዙ አዲስ ድምፅ መፍጠር ነው። ዘዴውን በ1967 ያገኘው የስታንፎርዱ ጆን ቻውኒንግ ሲሆን ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ዝነኛ ኪቦርድ ሠራበት። የኮምፒውተሩ ቺፕ የዚህ ኪቦርድ ድሃ ዘመድ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ለእኛ ሙዚቀኞች ባዕድ አልነበሩም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 የልጅነት አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠርቷል። ለጋሼ ትውልድ «አንድ ሰው ባንድ መሆን ይችላል» የሚለው ነገር እንግዳ አልነበረም።

ማሽኑን ያገኘሁት ባሕር ዳር፣ አንድ ጥገና ቤት ጓሮ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ 95 የተጫነበት ፔንቲየም፤ ውስጡ ሳውንድ ብላስተር 16 እንደተሰካ አለ። ባትሪው ስለሞተ በበራ ቁጥር ዕለቱን ይረሳል። ባትሪውን ቀየርሁ፤ ካርዱ ግን ዝም አለ። የዛሬ ኮምፒውተር ካርዱን ራሱ ያውቀዋል፤ ያኔ ግን የካርዱን አድራሻ ነጋሪው አንተ ነህ፦ የድምፁ በር 220፣ የሚዲው በር 330፣ የማቋረጫ ቁጥሩ 5። የእኔው ካርድ 7 ላይ ተቀምጦ ከፕሪንተሩ ጋር ሲጣላ ነበር። ወደ 5 ሳዛውረው ከስፒከሩ «ኪሽ» የሚል ትንፋሽ ወጣ። በዚያች ሌሊት የእናቴን እንቅልፍ አበላሽቻለሁ።

ፋይሉን አጫወትሁት። አኮርዲዮኑ እንደ ተርብ ይነዝራል፤ ልጅ ሆኜ የማውቀው የዚያ ዘመን የኮምፒውተር ድምፅ እሱ ነው። ግን አሁንም ልክ አልነበረም። ዜማው የሆነ ቦታ ላይ ተጣሟል።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው

በ1991 ኩባንያዎቹ ተስማምተው «ጄኔራል ሚዲ» የሚባል የ128 ድምፆች ዝርዝር አወጡ። ቁጥር 1 ፒያኖ፣ ቁጥር 22 አኮርዲዮን፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከ105 እስከ 112 ያሉት ስምንት ቦታዎች «የየሕዝቡ» ለሚባሉ መሣሪያዎች ተለቀዋል፤ የሕንዱ ሲታር፣ የጃፓኑ ኮቶ፣ የአፍሪካው ካሊምባ አሉበት። ክራር የለም፤ ማሲንቆም የለም። ጋሼ ለማሲንቆ 111ን፣ ፊድል የሚባለውን ቫዮሊን መሰል ድምፅ ነው የመረጠው። ቁጥር 10 ከበሮ መስመር ላይም ኮንጋና ቦንጎ አሉ፤ የእኛ ከበሮ ግን የለም።

ይሄ የስም ጉዳይ ነው፤ የባሰው ግን ቁልፎቹ ናቸው። ሚዲ የሚቆጥረው ቁልፍ ነው፤ ኦክታቩ ደግሞ ለ12 እኩል ተከፍሏል፤ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መሐል 100 ሴንት አለ። ትዝታና ባቲ እዚህ ላይ ቢጫወቱ ብዙ አይጎረብጡም። አንቺ ሆዬ ግን ከማሲንቆ ወይ ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ከቁልፎቹ መሐል የሚወድቅ ድምፅ አለው። ፒያኖ ላይ ያ ድምፅ ቦታ የለውም።

ጋሼ ይሄን አያጣውም። የዚያ ዘመን አንዳንድ ኪቦርዶች 12ቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ከፍና ዝቅ አድርጎ ማቃኘት ይፈቅዳሉ። እሱም ኪቦርዱን ቃኝቶ ነው የተጫወተው። ነገር ግን ቅኝቱ የተቀመጠው ኪቦርዱ ውስጥ ነው፤ ሆን ተብሎ ካልተላከ ፋይሉ ላይ አይጻፍም። ፋይሉ «61ኛውን ቁልፍ ተጫን» ይላል። 61ኛው ቁልፍ ጋሼ ዘንድ ምን ማለት እንደነበረ አይናገርም። ኪቦርዱ ደግሞ ተሽጧል።

ጌራና ራጉኤል

በዚህ ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ይሄ ችግር እኛ አገር አዲስ አይደለም።

የያሬድ ዜማ ለብዙ ዘመን ሲወርድ የመጣው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559)፣ ያ ሁሉ መጽሐፍና ሊቅ ካለቀበት የግራኝ ጦርነት ዳፋ ውስጥ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት የድጓውን ምልክት እንደሠሩ ይነገራል። ምልክቱ ከግእዙ ቃል በላይ በደቂቃ የሚጻፍ አንድ ወይ ሁለት ወይ ሦስት ፊደል ነው። ፊደሉ ከሚታወቅ የዜማ ስንኝ የተቆረጠ ነው፤ «እዚህ ላይ ያንን የምታውቀውን ዜማ አምጣ» ይላል። እንዲህ ያሉ ምልክቶች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱ ጋር ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ አሉ፤ ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚቆረጥ የሚያሳዩ።

እንደ ሶፍትዌር ሠራተኛ ሳየው ምልክቱ የሚዲ ታላቅ ወንድም ነው። ድምፅ አልያዘም፤ ትእዛዝ ነው የያዘው። በጣም ጥቂት ቦታ ይወስዳል። ተቀባዩ ግን ማወቅ አለበት፤ ዜማውን ያልተማረ ሰው ፊደሉን ቢያነብ የሚያገኘው ፊደል ብቻ ነው።

ልዩነታቸው ያለው ከዚያ በኋላ በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ጌራና ራጉኤልን የተከተሉት ሊቃውንት ምልክቱ ብቻውን እንደማይበቃ ያወቁ ይመስላል። የድጓ መምህር ለመባል ከጣና ምሥራቅ ጋይንት ውስጥ ባለው ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ያስፈልጋል። ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ብቻ አይመረቅም፤ መምህሩ ፊት በአፉ ያወጣል፤ ሲስት ይታረማል። ምልክቱና የሚያውቀው ሰው አብረው ነው የተጠበቁት።

እኛ የኮምፒውተር ሰዎች በበኩላችን በ2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 ላይ የዜማ ምልክቶቹን አስገብተናል፤ ከ1390 እስከ 1399 ባሉት አሥር ቦታዎች ላይ ስምንቱ ከነዘራቸው ተቀምጠዋል። ዛሬ ይዘትንና ደረትን በስልክ መላክ ይቻላል። ጥሩ ነው። ግን ድጓን ስካን አድርገን፣ ምልክቱን ኮድ ሰጥተን «ተጠበቀ» ብለን ከተቀመጥን የጋሼን ፍሎፒ ይዘን ኪቦርዱን እንደ መሸጥ ነው።

እትዬ

የቀረኝ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበር። ሩቅ አልሄድሁም። የጋሼ ባለቤት እትዬ ድሮ በሠርግ ላይ አብራው ታዜም ነበር። ያንን ከባድ ማሽን በባጃጅ ጭኜ ቤቷ ወሰድሁት። ቡናው ሲፈላ አጫወትሁላት።

«ጣቱ የእሱ ነው» አለች ወዲያው። ቀጥላ ፊቷን አጨማደደች። «ድምፁ ግን የጋሼህ አይደለም። ምን አድርጋችሁት ነው?»

«እስቲ አንቺ በይው፣ እትዬ።»

አፍራ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አለችው። በስልኬ ቀዳሁት። በነገታው አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ። ሚዲ ላይ ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መልእክት አለ፤ ከ0 እስከ 16383 የሚሄድ፣ መሐሉ 8192 የሆነ፤ በተለመደው ልኩ አንድ ሴንት ወደ 41 ቁጥር ገደማ ነው። ችግሩ መልእክቱ የሚሠራው በመስመሩ ሙሉ እንጂ በአንድ ቁልፍ ላይ አይደለም። ስለዚህ የዜማውን አምስት ድምፆች በአምስት መስመር በተንኋቸው፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ልክ ሰጠሁት። በ2020 የጸደቀው ሚዲ 2.0 ይሄን ለእያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ይፈቅዳል፤ የእኔ ካርድ ግን የ1992 ነው።

ተመልሼ ሄድሁ። እትዬ እያዳመጠች በእጇ ታመለክታለች፦ «ይቺ ትንሽ ከፍ ትበል... አይ፣ በዛ... እንዲያ!» ሁለተኛዋ ድምፅ 30 ሴንት ያህል ከፍ ብላ፣ ቁጥሩ 9421 ላይ ስትደርስ እትዬ ሲኒውን አስቀመጠች። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ተርቡ ይነዝራል፤ ግራ እጁ ትዘገያለች።

«ድገመው» አለች።

አምስቱን ቁጥሮች አሁን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጽፌአቸዋለሁ። ይሄ የአንድ ዘፈን ነው። እትዬ ግን ጋሼ ለባቲ ሌላ አቃቃን ነበረው ትላለች፤ እሱም የሚገኘው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን እንቀዳለን።