ከብረት ዘንግ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ፦ የመኪና መቆጣጠሪያ ታሪክና ያስነሣው ጥያቄ

አውቶሞቢል ከተፈለሰፈ ጀምሮ ለብዙ ዘመን በነጂውና በመኪናው መካከል የነበረው ግንኙነት በእጅ የሚዳሰስ ነበር። መሪ ሲዞር ዘንግ ይዞራል፤ ነዳጅ መስጫ ሲረገጥ የሽቦ ገመድ ይሳባል፤ ፍሬን ሲያዝ ዘንግ ወይም ዘይት ይገፋል። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ግን ይህ ግንኙነት ቀስ በቀስ እየተቋረጠ መጥቷል። የነጂው ፈቃድ መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተለውጦ ለኮምፒዩተር ይቀርባል፤ ኮምፒዩተሩም መርምሮ ለሞተሩ፣ ለፍሬኑ ወይም ለመሪው ትእዛዝ ያስተላልፋል። በዚህ ጽሑፍ የአሠራሩ ታሪክ ባጭሩ ይቃኛል፤ ጥቅሙና ጉዳቱም ይመዘናል። ዓመታቱ በሌላ ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክርክሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ሥሩ የቆየ ነው። በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ አራቱንም ጎማ በዘይት ግፊት የሚያቆም ፍሬን ለገበያ አቀረበ። በ1924 ክራይስለር አሠራሩን ለብዙኃኑ ገዢ አደረሰው። የፎርድ ፋብሪካ ግን ከፔዳሉ እስከ ጎማው የተዘረጋ ብረት ከዘይት ይልቅ የታመነ ነው በማለት እስከ 1939 ሞዴል ድረስ በዘንግና በገመድ ጸንቶ ቆየ። ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ አንድ ቱቦ ቢቀደድ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋ ነበርና። ይሁን እንጂ መፍትሔው ወደ ዘንግ መመለስ አልሆነም። ዘይቱ በሁለት መሥመር ተከፈለ፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው እንዲያቆም ተደረገ፤ ጉድለቱን ለነጂው የሚያሳውቅ መብራትም ተጨመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህ በአሜሪካ በሕግ ግዴታ ሆነ። እንግዲህ እምነት የተገኘው ከዕቃው ዐይነት ሳይሆን፣ ብልሽት አስቀድሞ ታስቦበት ከተዘጋጀው መጠባበቂያ ነው።

በኤሌክትሪክ ምልክት መቆጣጠር በተሟላ መልኩ የተፈተነው በአውሮፕላን ነው። ግንቦት 25 ቀን 1972 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ፣ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የተሠራውን የኮምፒዩተር ዐይነት በኤፍ-8 ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ገጥሞ ያለ ሜካኒካዊ ግንኙነት አበረረ። በ1988 መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው ኤርባስ ኤ320 ደግሞ፣ አንድ ስሕተት ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንዳይጥላቸው በተለያየ መሣሪያና ፕሮግራም የሚሠሩ በርካታ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ቀረበ። ነገር ግን አውሮፕላን የሚበረው በሠለጠነ አብራሪ፣ የሚጠገነውም ፈቃድ ባለው ባለሙያ ነው። መኪና ግን ለማንም ይሸጣል፤ በየመንደሩ ጋራዥ ይፈታል፤ እስኪያረጅም ይነዳል። ልዩነቱን መዘንጋት አይገባም።

በመኪና በኩል ፈር ከቀደዱት አንዱ ቢ ኤም ደብሊው ሲሆን፣ በ1987 ባወጣው ባለ 12 ሲሊንደር 750 ሞዴል የነዳጅ መስጫውን ገመድ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተካ። ዛሬ በተለመደው አሠራር ፔዳሉ ላይ ቢያንስ ሁለት ጠቋሚዎች ይቀመጣሉ፤ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙም የሞተሩን ጉልበት ይገድባል። ጥቅሙ ብዙ ነው። ሞተሩ ነዳጅና አየር በሚገባው መጠን እንዲያገኝ ይረዳል፤ የጭስ ብክለትም ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ፣ ከ1995 ጀምሮ ወደ ገበያ የገባው መኪናን ከመንሸራተት የሚጠብቀው መሣሪያ የሞተሩን ጉልበት በቅጽበት መቀነስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ፍሬን ላይ ሲደረስ ግን ጉዞው ተሰናከለ። መርሴዲስ ቤንዝ ከ2001 ጀምሮ በአንዳንድ ሞዴሎቹ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን ገጠመ። መሣሪያው ሲበላሽ በፊት ጎማዎች ላይ ብቻ የሚሠራ የዘይት መጠባበቂያ ነበረው፤ ሆኖም ነጂው ከለመደው ይልቅ ፔዳሉን አጥብቆና ዘልቆ መርገጥ ነበረበት። በ2004 ፋብሪካው 680,000 ያህል መኪናዎች ለጥገና ጠራ፤ በ2006ም ፍሬኑን ከኢ-ክላስ አስወገደ። መጠባበቂያ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ በድንገት ለደነገጠ ሰው እግር የሚመች መሆን እንዳለበት ይህ ያስረዳል።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በቶዮታ ላይ ነው። በ2009 እና በ2010 በራሳቸው ይፈጥናሉ የተባሉ ሚሊዮኖች መኪናዎች ተጠሩ፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቶ ነበር። ፋብሪካው የወለል ምንጣፍና የሚጣበቅ ፔዳል ምክንያት ናቸው ሲል፣ ሌሎች ኮምፒዩተሩን ከሰሱ። ናሳ መርምሮ በየካቲት 2011 በቀረበው ዘገባ፣ አደጋዎቹን ኤሌክትሮኒክሱ እንዳደረሰ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ ማስረጃ አለመገኘቱ ግን ሊሆን አይችልም ማለት እንዳልሆነም አስገነዘበ። በአንድ የተበላሸ ፔዳል ውስጥ ከቆርቆሮ ቅብ የበቀለ ፀጉር መሰል ክር ሁለቱን ጠቋሚዎች አገናኝቶ ተገኝቷል። በ2013 በኦክላሆማ የተሰየመ የፍርድ ቤት ጁሪ፣ የሶፍትዌሩን ድክመት የመረመሩ ባለሙያዎችን ቃል ሰምቶ በፋብሪካው ላይ ፈረደ። በ2014 ደግሞ ቶዮታ የምንጣፉንና የፔዳሉን ችግር በሚመለከት ሕዝብን በማሳሳቱ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ።

ሽቦው ብቻ ተወቃሽ እንዳይሆን ሌላ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ አውዲ 5000 በተመሳሳይ ክስ ስሙ ጠፍቶ ነበር። የዚያ መኪና ነዳጅ መስጫ ሜካኒካዊ ነበር፤ በ1989 የወጣው የመንግሥት ጥናትም አብዛኛውን አደጋ ነጂዎች ፍሬን መስሏቸው ነዳጅ በመርገጣቸው የደረሰ ነው አለ። ስለዚህ ዘንግም ሆነ ሽቦ ከክስ አያድንም። ልዩነቱ ምስክርነቱ ላይ ነው። የተበጠሰ ገመድ ስብራቱን ያሳያል፤ የተሳሳተ ፕሮግራም ግን ቁልፉ ሲዘጋ አሻራ ሳይተው ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ የማስረዳት ሸክሙ የሚወድቀው በሟች ቤተ ሰብ ወይም በነጂው ላይ ነው። በአንጻሩ፣ ፍሬንና ነዳጅ ባንድነት ሲረገጡ ፍሬኑ እንዲያሸንፍ በፕሮግራም ማዘዝ የተቻለው በዚሁ በሽቦው አሠራር ነው።

መሪው የመጨረሻው ምሽግ ነው። ኢንፊኒቲ በ2013 ኪው50 የተባለውን መኪና በሽቦ የሚታዘዝ መሪ ቢያወጣም፣ ብልሽት ቢደርስ ዘንጉን መልሶ የሚያገናኝ ፍሪሲዮን አልተወም ነበር። በ2023 መጨረሻ ለገዢዎች የደረሰው የቴስላ ሳይበርትራክ ግን ዘንጉን ፈጽሞ አስቀርቶ በተደራራቢ ሞተሮችና መገናኛዎች ተማምኗል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዶቻችን በዝቷል። በእነዚህ መኪናዎች ፔዳሉ ሞተሩን የሚያዘው በሽቦ ብቻ ነው፤ በብዙዎቹም ፍሬኑን ከሞተሩ ጋር የሚያከፋፍለው ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ የሙያ ባልደረቦች መጠየቅ ያለባቸው ሽቦ ይሻላል ወይስ ዘንግ የሚለውን አይደለም። መጠባበቂያው ምንድን ነው? ብልሽቱን ለነጂው የሚነግረው ማን ነው? ከአደጋ በኋላ መዝገቡን ማን ያነበዋል? በጋራዥስ ያለው መካኒክ የመመርመሪያ መሣሪያና ሥልጠና አለው ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ መኪና ሊታመን ይገባዋል፤ የማይሰጥ ከሆነ ግን የዋጋውም ሆነ የውበቱ ማማር ይህን ጉድለት አይሸፍነውም።