የተቋረጠ ትምህርት ከየት ይቀጠላል?

እስቲ ወደ ቅርቡ ታሪካችን መለስ እንበል። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ከተነገረ ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሱዳንም በዚያው ሰሞን ዘጋች። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፤ ሁለቱም የሌሉት የገጠር ልጅ ግን ደብተሩን አስቀምጦ ከብት ጥበቃ ወጣ። በኋላም ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪው ሳይፈተን ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት ሲጀምሩ፣ በ25ኛው ቀን በትግራይ ጦርነት ተነሳ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ድንበሩን ተሻገረ፤ መጀመሪያ ሐምዳይት፣ ከዚያ ኡም ራኩባና ቱናይድባ። ኡም ራኩባ በ1970ዎቹም የኛን ስደተኞች ያስጠለለ ቦታ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ የሱዳን ጦርነት ጀመረና ትምህርት እንደገና ተቋረጠ።

እንግዲህ አስሉት። ኮሮና ሲገባ 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ በ2015 ዓ.ም 5ኛ ክፍል መድረስ ነበረበት። ንባቡ ግን እዚያው 2ኛ ክፍል ላይ ቆሟል። 5ኛ ክፍል ብናስገባው ያፍራል፤ ከትንንሾቹ ጋር ብናስቀምጠውም ያፍራል። መጨረሻ ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ይሄድና በዚያው ይቀራል።

መላው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኔታ ዘንድ ልጁ የሚመደበው በዕድሜው ሳይሆን ባወቀው ልክ ነበር፤ ፊደል ከለየ ወደ ንባብ፣ ንባብ ካጠራ ወደ ዳዊት። የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። (አለንጋውን ግን እንተወው!) በህንድ ፕራታም የተባለው ድርጅትም ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብና በሒሳብ ችሎታቸው መድቦ ያስተምራል፤ አሠራሩ ዛምቢያን ጨምሮ ወደ አፍሪካ አገሮች ተዛምቷል።

መምህራን፣ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ አንድ አጭር አንቀጽ አስነብቡት፣ አንድ መቀነስ አሠሩት። ከዚያ በፊደል፣ በቃል፣ በአንቀጽ ደረጃ መድቡና በቀን አንድ ሰዓት ለዚህ ብቻ ስጡ። በየጥቂት ሳምንቱ እየፈተናችሁ ያለፈውን አሳድጉት።

ተማሪዎች ደግሞ፣ ተመልሶ ፊደል መቁጠር ነውር የለበትም። ትምህርት ቤቱን የዘጋችሁት እናንተ አይደላችሁም።