ከኮሶ እስከ ዲኤንኤ፦ «ትል የለበትም» የሚለው ውጤት ታሪክ



«ዶክተር፣ ሰገራው ተመርምሮ ምንም የለበትም ተብሏል። ታዲያ ልጄን ለምን ሆዱን ያመዋል? ለምንስ ይገረጣል?» ብዙ ወላጆች ይህን ይጠይቁኛል። መልሱ ያለው የሆድ ትላትል እስከ ዛሬ እንዴት ሲፈለጉ እንደኖሩ በሚነግረን ታሪክ ውስጥ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዓይን የማየት ዘመን

አያቶቻችን ላብራቶሪ አልነበራቸውም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሰገራው ላይ ነጫጭ ቁርጥራጭ ካየ ኮሶ እንዳለበት ያውቃል፤ የኮሶ ዛፍ አበባ ተፈጭቶለት ይጠጣል። የትሉም የመድኃኒቱም ስም አንድ ነው። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስም ስለዚህ ዛፍ ጽፏል። ይሁን እንጂ ዓይን የሚያየው ትልልቁን ብቻ ነው።

የማይክሮስኮፕ ዘመን

በ1851 ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ። ቢልሃርዚያ የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ነው። የዚህ ትል ልጆች በውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አድገው፣ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያየው በዚሁ በሽታ ላይ ሲሠራ ነበር።

ነገሩ ለፎገራ ሰው ሩቅ አይደለም። ቁሐር ሚካኤልና ወረታ ያሉበት ሜዳ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚፈሱበት ነው። ሩዝ የሚታረመው ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ልጆችም ወንዝ ይዋኛሉ። የመንጠቆ ትልም ቢሆን በባዶ እግር ከርጥብ አፈር ይገባል።

ለእነዚህ ትሎች ዛሬም ድረስ በዘመቻና በጥናት የሚሠራበት ዘዴ ካቶ ካትዝ ይባላል። በ1954 ጃፓን ውስጥ ተጀምሮ በ1972 ብራዚል ውስጥ ተሻሻለ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ግን የሚታየው ሰገራ 41.7 ሚሊግራም፣ ማለትም ቁንጣሪ ብቻ ነው። ትሉ ጥቂት ከሆነ እንቁላሉ በዚያች ቁንጣሪ ላይ ላይገኝ ይችላል። የመንጠቆ ትል እንቁላል ደግሞ ስላይዱ ተሠርቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልታየ ሟሙቶ ይጠፋል። ቢልሃርዚያም ከገባ በኋላ እንቁላሉ ሰገራ ላይ እስኪታይ ከአምስት ሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል።

የዲኤንኤ ዘመን

በ1983 አሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ ጥቂት ዲኤንኤን ወደ ሚሊዮኖች ቅጂ የሚያባዛ ዘዴ አሰበ፤ በ1993ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ይህ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ስሙን የለመድነው ፒሲአር ነው። ትሉም እንደ ማንኛውም ፍጡር ዲኤንኤ አለው። የቢልሃርዚያ ትል ገና እንቁላል ሳይጥል ዲኤንኤው በደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ቀድሞ ማወቅ የሚቻለው በዚህ ነው።

በ2016 የታተመ፣ በክልላችን ገጠር በ396 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ስትሮንጂሎይደስ የተባለውን ትል ፈልጎ ነበር። በተለመደው ሰገራን አጣርቶ በማይክሮስኮፕ የማየት ዘዴ የተገኘባቸው 3.5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በፒሲአር ግን 13.4 በመቶ። ዘዴዎቹ ሁሉ ሲደመሩ 20.7 በመቶ ሆነ፤ ከአምስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። ፒሲአሩም ብቻውን ሁሉንም እንዳላገኘ ልብ በሉ።

ይህ ትል በትምህርት ቤት የሚሰጠው የአንድ ጊዜ አልቤንዳዞል በደንብ አያጠፋውም፤ ዋና መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሳይታከም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ቢጀምር ትሉ በሰውነቱ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል።

ፒሲአርም ጉድለት አለው። ማሽን፣ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ከሕክምና በኋላም የሞተ ትል ዲኤንኤ ለጊዜው ሊያሳይ ይችላል። ደግሞም የቢልሃርዚያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ገና ያላደገውን ትል በሚገባ ስለማይገድል፣ ቀድሞ የታወቀበት ሰው መድኃኒቱን መድገም ሊያስፈልገው ይችላል።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

✅ ልጁ ወንዝ ወይም ሩዝ ማሳ እንደሚገባ፣ መቼ እንደገባም ለሐኪሙ ይንገሩ።
✅ ሰገራውን ትኩሱን ያድርሱ።
✅ «የለበትም» ተብሎ ምልክቱ ከቀጠለ ተመልሰው ይሂዱ፤ በሌላ ቀን ናሙና ይድገሙ። ወንዝ የገባው በቅርቡ ከሆነ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ እንደገና ይመርመር።
✅ ከ2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የትል መድኃኒት አያሳልፉ።
✅ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የሆድ መነፋት ወይም ግርጣት ካለ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከኮሶ ዘመን ጀምሮ እያንዳንዱ ምርመራ የሚያየው የሚችለውን ያህል ነው። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩት።