ዜና ሳውዝ ሲድኒ፦ በዘመነ ሉቃስ የሆነው

ይህ በአውስትራልያ አገር፣ በሲድኒ ከተማ፣ ሳውዝ ሲድኒ የተባለው የራግቢ ሊግ ክለብ ከ2006 ዓ.ም. የካቲት ጀምሮ በ2007 ዓ.ም. መስከረም የፈጸመው የውድድር ዘመን ዜና ነው። ፈረንጆች 2014 የሚሉት ዓመት ነው፤ እኛ ግን ዘመኑን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ጽፈናል።

ክለቡ የተመሠረተው በ1900 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በሬድፈርን ሰፈር ማዘጋጃ ቤት ነበር። ሬድፈርን የላብ አደር ሰፈር ነበረች፤ ኋላም የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት አቦርጂኖች በብዛት ከተሙባት። መለያቸው ቀይና አረንጓዴ፣ ምልክታቸው ጥንቸል ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ በዚያው ዓመት ወሰዱ፤ እስከ መስከረም 1964 ዓ.ም. ድረስም 20 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በዋንጫ ብዛት የሚስተካከላቸው አልነበረም። በመስከረም 1963 ዓ.ም. የዋንጫ ፍጻሜ አምበላቸው ጆን ሳትለር ገና በጨዋታው መጀመሪያ ከተጋጣሚያቸው ከማንሊ ክለብ ተጫዋች በተሰነዘረበት ቡጢ መንጋጋው ተሰበረ። እርሱም ጓደኞቹን ደግፈው እንዲያቆሙት ለመነ፤ ተጋጣሚዎቹ መጎዳቱን እንዳያውቁ። እስከ መጨረሻው ተጫውቶ 23 ለ 12 አሸነፉ። ሬድፈርን ልጆቿን በዚህ ታሪክ አሳደገች።

ከ1964 ዓ.ም. በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ገንዘብ አጠረ፤ ጎበዞቹም ወደ ባለጸጋ ክለቦች ሄዱ። ከዚያም የዜና ማሰራጫዎች ባለቤት የሩፐርት መርዶክ ኩባንያና ሊጉን ይመራ የነበረው ነባር ማኅበር በቴሌቪዥን ገንዘብ ተጣልተው ሊጉ ለሁለት ተከፈለ፤ በታረቁም ጊዜ የክለቦቹ ቁጥር 14 ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ታላላቆቹ ሲታረቁ የዕርቁን ካሳ ታናናሾቹ ከፈሉ። በጥቅምት 1992 ዓ.ም. ሳውዝ ሲድኒ፣ ከሊጉ መሥራቾች አንዱ የነበረው፣ ከሊጉ ተሰረዘ።

የክለቡ ሊቀመንበር ጆርጅ ፒጊንስ ነበሩ፤ እርሳቸውም በጉብዝናቸው ጊዜ ያንኑ መለያ ለብሰው የተጫወቱ ናቸው። አሻፈረኝ ብለው ከሰሱ። በኅዳር 1993 ዓ.ም. ዳኛው ክሳቸው ውድቅ ነው ብለው ከፈረዱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ 80,000 የሚገመት ሕዝብ ቀይና አረንጓዴ ለብሶ በሲድኒ ጎዳና ወጣ። ለኳስ ክለብ ያን ያህል ሰው ሲሰለፍ ከዚያ በፊት በከተማይቱ አልታየም ቢባል የሚደንቅ አይደለም፤ እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሰልፉ ጊዜ ይደንቀኛል። ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ የወጣ ሕዝብ ነበርና። በሰኔ ወር መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ለክለቡ ፈረደ፤ በ1994 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሻረው፤ ዳግመኛ የሚያስወጣቸው ግን አልተገኘም።

መመለሱ ማሸነፍ አልሆነም። ደጋግመው ከሁሉ በታች ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. ተዋናዩ ራስል ክሮውና ነጋዴው ፒተር ሆልምስ አ ኮርት የክለቡን 75 ከመቶ በ3 ሚሊዮን ዶላር እንግዛ አሉ። ፒጊንስ ተቃወሙ፤ በሕዝብ እግር የዳነ ክለብ ለባለሀብት ሊሰጥ አይገባም ብለው። ስጋታቸው እውነተኛ ስጋት ነበር፤ ነገር ግን የክለቡ ካዝና ባዶ ነበር። ከአባላቱ ድምፅ 75 ከመቶ ይፈለግ ነበር፤ የተገኘው 75.8 ሆነ። በዚያም ዓመት ቡድኑ እንደገና መጨረሻ ወጣ።

በ2002 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር፣ ከብራድፎርድ፣ ሳም በርጀስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት መጣ፤ ወንድሞቹ ሉክ፣ ቶማስና ጆርጅም ተከተሉት። በ2004 ዓ.ም. ማይክል ማጓየር አሰልጣኝ ሆነው ቡድኑን አጠነከሩት። ሆኖም በመስከረም 2005 ከፍጻሜው በፊት ባለው ጨዋታ በካንተርበሪ ቡልዶግስ ተሸነፉ፤ በመስከረም 2006 ደግሞ ማንሊን 14 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 30 ለ 20 ተረቱ።

ከዚህም በኋላ የምንተርከው ዘመን ገባ። የካቲት 27 ቀን 2006 ዓ.ም. ውድድሩ በጠላታቸው በሩስተርስ ላይ ተከፈተ፤ ሩስተርስ ጎረቤትም ባላንጣም፣ ያለፈው ዓመትም ሻምፒዮን ነበር። 28 ለ 8 አሸነፉት። በዚያው ወር ሳም በርጀስ ዘመኑ ሲያበቃ ወደ ሌላው የራግቢ ዓይነት፣ ወደ እንግሊዙ ባዝ ክለብ እንደሚሄድ ታወቀ። በክረምቱ መጨረሻ ሩስተርስ 22 ለ 18 ተበቀላቸውና አንደኛነቱን ወሰደ፤ ሳውዝ ሦስተኛ ሆነ።

ዘመነ ማርቆስ አልፎ ዘመነ ሉቃስ ሲገባ ማንሊን 40 ለ 24 ጣሉ። መስከረም 16፣ በእኛ አገር ደመራ በሚለኮስበት ዕለት፣ ከሩስተርስ ጋር ተገናኙ። መጀመሪያ 12 ለ 0 ተመሩ፤ ያለፉት ሁለት መስከረሞች ሦስተኛ ሊያገኙ መሰለ። ዘንድሮ ግን ዞረው 32 ለ 22 ረቱ። በዚያ ጨዋታ የሳውዙ አይዛክ ሉክ ባደረገው አደገኛ ታክል ታገደ፤ ክለቡ 43 ዓመት የጠበቀውን ቀንም ከውጭ ሆኖ አየው።

መስከረም 25 ቀን፣ እሑድ ማታ፣ ለዋንጫው ፍጻሜ 83,833 ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ተጋጣሚያቸው ቡልዶግስ ነበር። በራግቢ ሊግ 13 ሰው ከ13 ሰው ይጋጠማል፤ ኳስ የያዘ ወደ ሰው ደረት ይሮጣል፣ ያልያዘም ሯጩን በትከሻው ያቆማል፤ እንዲህ እያሉ 80 ደቂቃ ይዘልቃሉ። በመጀመሪያው ሩጫ፣ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ሳም በርጀስ ኳሱን ታቅፎ ሲገባ የአገሩ ልጅ ጄምስ ግሬሃም ሊይዘው መጣ፤ ራስና ራስ ተጋጩ። የሳም የጉንጭ አጥንት ተሰበረ። ፊቱን በመዳፉ ይዞ ተነሣ፤ ጉንጩ አበጠ፣ ዓይኑም እየጠበበ ሄደ። ሐኪሞቹ መጡ፤ እርሱ ግን አልወጣም። በተሰበረው ፊቱ ደጋግሞ ኳስ ይዞ ወደ ቡልዶግስ ግድግዳ ሮጠ፤ ደጋግሞም ሰው ጣለ። የሳትለርን ዜና ሲሰሙ ያደጉ ሽማግሌዎች ያን ሌሊት ያዩትን ለማወቅ አስተርጓሚ አላሻቸውም።

የ19 ዓመቱ አሌክስ ጆንስተን ኳሱን ከመስመሩ ማዶ መሬት አስነክቶ የመጀመሪያውን ትራይ አገባ፤ ዕረፍት 6 ለ 0 ሆነ። ከዕረፍት በኋላ ቡልዶግስ 6 ለ 6 አደረገ። ያን ጊዜ ጆርጅ በርጀስ የሚይዙትን እያራገፈ በጉልበቱ ሰብሮ ገባ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አውቫኣ፣ ሬይኖልድስና ግሬግ ኢንግሊስ ተከታትለው አገቡ። ኢንግሊስ የደንጉቲ ነገድ ልጅ ነው፤ ጎአና የተባለችውን ትልቅ የአገሩን እንሽላሊት መስሎ በሳሩ ላይ ተሳበ። ውጤቱ 30 ለ 6 ሆነ። ሳም አለቀሰ። የቀኑ ምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያም ለእርሱ ተሰጠ፤ ሜዳሊያው በክላይቭ ቸርችል ስም የተሰየመ ነው፤ ቸርችልም የሳውዝ ተጫዋች፣ ኋላም በ1963 እና በ1964 ያሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ የነበረ ነው።

ዋንጫውን ያነሣው አምበሉ ጆን ሰተን ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ክለቡ መጨረሻ ሲወጣ ሳይቀር፣ ከዚያ ያልሄደ ሰው ነውና ለእርሱ ተገባው። በማግስቱ ሕዝቡ ሬድፈርን ሜዳ ሞልቶ ተቀበላቸው።

ከዚያም ሳም ወደ ባዝ፣ የቡድን ጓደኛው ቤን ቴኦ ወደ አየርላንዱ ሌንስተር ሄዱ። የቀሩት በዚያው በ2007 ዓ.ም. የካቲት ወር ባሕር ተሻግረው፣ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሴንት ሄለንስን በገዛ ሜዳው 39 ለ 0 አሸንፈው የዓለም ክለቦች ዋንጫን ወሰዱ።